ሚኒመም ዌጅ ሲጨምር ማን ይከፍላል? በወረቀትና በእስክሪብቶ እንዲህ አስሉት

ጁላይ 2016 ነው። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው፤ ቼኩም ሕጉም የተጻፈው በዚያ ነው።) ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ፣ ምድር ቤት ባለ አንድ ፓርኪንግ መኪና አቆም ነበር። የከተማዋ ሚኒመም ዌጅ፣ አሠሪ ከዚያ በታች መክፈል የማይችለው የሰዓት ደመወዝ፣ ከ10.50 ወደ 11.50 ዶላር ሊወጣ ነው ተባለ። አንድ ወር ሙሉ ወሬያችን እሱ ነበር። በሰዓት አንድ ዶላር ማለት በሳምንት አርባ ዶላር ነው። እኔማ ገና ሳላየው ለእናቴ ቃል ገብቼበት ነበር።

ቼኩ መጣ። ቆጠርኩት፣ ደግሜ ቆጠርኩት። ሰዓቴ ከ40 ወደ 36 ወርዷል። 10.50 በ40 ሲባዛ 420 ነው። 11.50 በ36 ሲባዛ ደግሞ 414። ደመወዝ ተጨመረልኝና በሳምንት 6 ዶላር ጎደለብኝ። ማናጀሩን ስጠይቀው «ሺፍት አስተካክለን ነው» አለኝ። በቃ፣ ይኸው ነው መልሱ።

ዛሬ ጠረጴዛው ማዶ ተቀምጫለሁ። ፓርኪንጉን ትቼ የሂሳብ ሥራ ተማርኩ። አሁን ለትንንሽ ሱቆችና ሬስቶራንቶች ፔይሮል፣ ማለትም የሠራተኞችን ደመወዝ ሂሳብ፣ እሠራለሁ። አንድ ስቴት ሚኒመም ዌጅ ሊጨምር ነው በተባለ ቁጥር ስልኬ አያርፍም። ሠራተኛውም ባለሱቁም «ጥሩ ነው መጥፎ?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ እስክሪብቶ አምጡ እላለሁ። የማደርገውን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

መጀመሪያ፣ የትኛው ሕግ ነው የሚነካችሁ?

የፌዴራሉ ወለል፣ ማለትም የመላ አገሪቱ ሚኒመም ዌጅ፣ 7.25 ዶላር ነው። ከጁላይ 2009 ጀምሮ አልተነቃነቀም። ስቴቶች ከዚያ በላይ መሄድ ይችላሉ፤ ብዙዎቹም ሄደዋል። በአንዳንድ ስቴት ከተማና ካውንቲም የራሱን ይጨምራል። ሠራተኛው የሚያገኘው ከሁሉም ከፍ ያለውን ነው። የሚቆጠረው ደግሞ የምትኖሩበት ወይም የድርጅቱ ዋና ቢሮ ያለበት ቦታ አይደለም። ሥራው የሚሠራበት አድራሻ ነው።

እኛ ሰፈር ይህ ቀልድ አይደለም። ዲሲ ከጁላይ 2025 ጀምሮ 17.95 ነው። ወንዙን ተሻግራችሁ ቨርጂኒያ ስትገቡ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ 12.77። ሜሪላንድ በስቴት ደረጃ 15። ነገር ግን ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ የራሱ አለው፤ ከጁላይ 2025 ጀምሮ ከ50 በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት 17.65፣ አሥርና ከዚያ በታች ያለው 15.50 ይከፍላል። አንድ ደንበኛዬ ሁለት ሱቅ አለው። ያው ዕቃ፣ ያው ሥራ፣ ሁለት የተለያየ ክፍያ። ሠራተኞቹ የትኛው ሱቅ መመደብ እንደሚፈልጉ ገምቱ።

ስለዚህ አንድ ሰው «አሜሪካ ሚኒመም ዌጅ ጨመረች» ካላችሁ፣ የት? ብላችሁ ጠይቁት።

ቁጥሩን ብቻውን አትዩት

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 15 ዶላር ብዙ ነው ትንሽ? ለብቻው መልስ የለውም። በዚያ ስቴት ያለው ሠራተኛ ሁሉ በክፍያው ቢሰለፍ መሀል ላይ የሚቆመው ስንት ያገኛል? የሥራ ስታትስቲክስ ቢሮ በየዓመቱ ያወጣዋል። በ2023 በመላው አገሪቱ የመሀለኛው ሰው ክፍያ በሰዓት 23 ዶላር ገደማ ነበር። ሚሲሲፒ ውስጥ 18 ገደማ፣ ዲሲ ውስጥ ደግሞ 40 አካባቢ።

አሁን አካፍሉ። 15 ለ40 ከመሀሉ 40 በመቶ አይሞላም። 15 ለ18 ግን ከ80 በመቶ በላይ ነው። በዲሲ ያ ቁጥር ጥቂት ሰው ነካ አድርጎ ያልፋል። በሚሲሲፒ የሥራ ገበያውን ትልቅ ክፍል ያናውጣል። ሕጉ በወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ነው፤ ውጤቱ ግን ሌላ ነው።

ይህን ክፍልፋይ የምወደው በምክንያት ነው። በ2019 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት ከ1979 እስከ 2016 በስቴቶች የተደረጉ 138 ጭማሪዎችን መረመረ። ከአዲሱ ወለል በታች የጠፉትን ሥራዎች ቆጠረ፤ ወለሉ ላይና ከፍ ብሎ የተጨመሩትንም ቆጠረ። ሁለቱ ተቀራረቡ። ማለትም ሥራው አልጠፋም፣ ክፍያው ከፍ አለ እንጂ። ይህ የታየው ግን ወለሉ ከመሀለኛው ክፍያ እስከ 59 በመቶ በደረሰባቸው ጭማሪዎች ላይ ነው። ከዚያ በላይ ስለሚሄድ ጭማሪ ያ ጥናት ምስክር ሆኖ አይቀርብም። የእናንተ ስቴት ቁጥር ከ60 በመቶ ሲያልፍ ጠንቀቅ ብላችሁ አስቡ።

ሌላም ነገር አለ። ወለሉ ከመጨመሩ በፊት ገበያው ራሱ ከዚያ በላይ እየከፈለ ሊሆን ይችላል። ያኔ ሕጉ ዜና ይሆናል እንጂ ቼክ ላይ አይታይም። በመላ አገሪቱ በሰዓት ከሚከፈላቸው ውስጥ 7.25 ወይም ከዚያ በታች የሚያገኙት 1 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው።

የአንድ ሱቅ ሂሳብ

አሁን ወደምወደው ክፍል መጣን። ሜሪላንድ፣ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ውስጥ የአንዲት እናት ግሮሰሪ አለ። ሂሳባቸውን የምይዘው እኔ ነኝ። እንዳይታወቁ ቁጥሩን ትንሽ ቀያይሬዋለሁ። ሜሪላንድ ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ለሁሉም 15 ዶላር ስታደርግ፣ ከ15 በታች ሠራተኛ ላላቸው ወለሉ 12.80 ነበር። በአንድ ሌሊት 2.20 ጨመረ። 17 በመቶ ማለት ነው።

ዲሴምበር ላይ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ይሄን ከየት ላምጣው?»

«እትዬ፣ መጀመሪያ ስንት እንደሆነ እንወቅ» አልኳቸው።

አራት ሠራተኛ በ12.80 አላቸው፤ እያንዳንዱ በሳምንት 30 ሰዓት ይሠራል። ድምሩ 120 ሰዓት ነው። በ2.20 ሲባዛ በሳምንት 264 ዶላር። እዚህ ላይ ብዙ ባለሱቅ የሚረሳው ነገር አለ። አሠሪው ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር (ለጡረታና ለአረጋውያን ሕክምና በሚከፈለው ታክስ) ከራሱ 7.65 በመቶ ይጨምራል። 284 ከ20 ሳንቲም ሆነ። በ52 ሳምንት ሲባዛ 14,778 ዶላር።

አላለቀም። ሌሎች ሁለት ነባር ሠራተኞች አሉ። አንዷ 15.25፣ አንዱ 16 ያገኛሉ። ሕጉ አይነካቸውም። ነገር ግን ትናንት የገባችው ልጅ 15 ስታገኝ፣ ስድስት ዓመት የሠራችው 15.25 አግኝታ ዝም ትላለች? አትልም። ለሁለቱም አንድ አንድ ዶላር ተጨመረ። በሳምንት 80 ሰዓት፣ ከታክሱ ጋር በዓመት 4,478። ጠቅላላው 19,256 ዶላር።

አስደንጋጭ ይመስላል። አሁን በዓመት ሽያጫቸው አካፍሉት፤ 900,000 ገደማ ነው። 2.1 በመቶ ወጣ። ደመወዙ በ17 በመቶ ጨመረ፣ ሙሉ በሙሉ በዋጋ ላይ ቢጫን ግን የ10 ዶላር ዕቃ 10.21 ይሆናል። ልዩነቱ የመጣው ደመወዝ ከሱቁ ወጪ ትንሹ ክፍል ስለሆነ ነው። ትልቁ ዕቃው ነው፣ ከዚያ ኪራዩ። ሬስቶራንት ሲሆን የደመወዙ ድርሻ ይጨምራል። ሕፃናት መዋያና አረጋውያን መንከባከቢያ ደግሞ ከሞላ ጎደል ወጪው ሁሉ ደመወዝ ነው። ስለዚህ የንግዱን ዓይነት ሳትጠይቁ «ዋጋ በ17 በመቶ ይወጣል» የሚላችሁን ሰው አትመኑ። ሳን ሆሴ ከተማ በ2013 ከ8 ወደ 10 ዶላር ስትጨምር፣ የ25 በመቶ ዝላይ ማለት ነው፣ የሬስቶራንቶች ዋጋ በአማካይ የወጣው በ1.45 በመቶ ነበር።

ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ተከታተሉ

19,256 ዶላሩ ከሰማይ አይወርድም። መውጫ በሮቹ ጥቂት ናቸው፤ ዋጋ፣ ሰዓት፣ ትርፍ፣ የሠራተኛ መቀያየር። እያንዳንዱን በር አንኳኩ።

ዋጋን እሳቸው በብልሃት ነው የያዙት። እንጀራውን አልነኩም። የእንጀራ ዋጋ ሁሉም ሰው በቃሉ ነው የሚያውቀው፤ ሃያ አምስት ሳንቲም ቢጨምሩ ማግስቱን ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል። ቅመማ ቅመሙን፣ ቅቤውን፣ ጀበናውን ግን ማን ያስታውሰዋል? እዚያ ላይ ጨመሩ። በድምሩ 1 በመቶ፣ ማለትም 9,000 ዶላር ገደማ።

መቀያየርን ባለሱቆች ከወጪ አይቆጥሩትም። እኔ ግን አየዋለሁ፤ አዲስ ሰው ሲገባ ቅጹን የምሞላው እኔ ነኝና። በ2023 አራት አዲስ ሰው መዘገብኩላቸው። በ2024 አንድ ብቻ። አዲስ ሰው እስኪለምድ ድረስ ሁለት ሳምንት ገንዘብ ያሳስታል፣ ነባሩን ሥራ ያስፈታል። ጥናቶችም ይህንኑ ይላሉ፤ ወለሉ ሲጨምር ሰው ሥራውን ቶሎ አይለቅም።

ሰዓት ደግሞ የኔ ቁስል ነው። «ሰው ተባረረ ወይ?» ብላችሁ ብቻ ከጠየቃችሁ ታልፋችሁታላችሁ። እኔ በ2016 አልተባረርኩም። በማንኛውም ቆጠራ ውስጥ ሥራ ያለው ሰው ነበርኩ። አራት ሰዓቴ ግን ሄዷል።

በዚህ ጉዳይ ሲያትልን (ዲሲ ሳትሆን ዋሽንግተን ስቴት ያለችውን ከተማ) የመሰለ ማስተማሪያ የለም። ከተማዋ በ2014 ወደ 15 ዶላር የሚወስድ ሕግ አወጣች። በ2016 ለትላልቆቹ አሠሪዎች 13 ደረሰ። በ2017 የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የዝቅተኛ ተከፋዮች ሰዓት 9 በመቶ ገደማ ቀንሷል፣ በአማካይ በወር 125 ዶላር ጎድሎባቸዋል አሉ። በዚያው ሰሞን ካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ደግሞ ሬስቶራንቶችን አይተው ሥራ አልጠፋም አሉ። ሰው ሁሉ የሚወደውን መረጠና ተጨቃጨቀ። ሁለቱ ግን ያዩት አንድ ነገር አልነበረም። የበርክሌዩ ሬስቶራንት ብቻ ነው። የመጀመሪያው ሁሉንም ዓይነት ንግድ አይቷል፣ ነገር ግን ብዙ ቅርንጫፍ ያላቸውን ድርጅቶች አውጥቷል፤ መረጃው የትኛው ሠራተኛ በየትኛው ቅርንጫፍ እንደሆነ አይለይም ነበር።

ያው የመጀመሪያው ቡድን በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ወረቀት ይዞ ተመለሰ። ይኼኛው ለኔ ከሁሉም ይበልጣል። ቀድሞም ብዙ ሰዓት ይሠሩ የነበሩት፣ ልምድ ያላቸው፣ ተጠቅመዋል። ከጥቅማቸው ሩቡ ገደማ ግን የመጣው ከሲያትል ውጭ ወጥተው ተጨማሪ ሰዓት በመሥራት ነው። ይህን ሳነብ ሳቅሁ። እኔም ያኔ የጎደለችውን አራት ሰዓት አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ ሄጄ ሌላ ፓርኪንግ ውስጥ ነው የሞላኋት። በሁለተኛ ሥራ፣ በሁለት አውቶቡስ።

ለምንድነው ታዲያ ሁሉም አሠሪ የማይቀንሰው?

በመማሪያ መጽሐፍ ዋጋ ሲወደድ ገዢ ይቀንሳል። ጉልበትም እንደ ቲማቲም ከሆነ ነገሩ እዚህ ያበቃል። ግን የድሮ ማናጀሬን አስታውሱልኝ። ዓመቱን ሙሉ «ሰው ጎደለኝ» ይል ነበር። በ10.50 ሰው አይመጣም። 11.50 ቢያቀርብ ይመጣል። ነገር ግን ለአንዱ አዲስ ሰው 11.50 ከሰጠ ለእኛ ለሃያዎቹም መጨመር አለበት። ስለዚህ ቦታውን ክፍት ትቶት ይኖራል። ሕጉ ሁሉንም ወደ 11.50 ሲያወጣው ያ ስሌት ይፈርሳል፤ አሁን ለአዲሱ ሰው የሚከፍለው የአዲሱን ሰው ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ጭማሪ ቅጥርን ሊያበዛም ይችላል። አሠሪ በበዛበት፣ ሠራተኛ በቀላሉ ከአንዱ ወደ ሌላው በሚዘልበት ቦታ ግን ይህ አይሠራም። የኔ ፓርኪንግ ደግሞ ክፍት ቦታውንም አልሞላ፣ ሰዓቱንም ቀነሰ። ሁሉም በመጽሐፍ አይሄድም።

ጥናት ሲጠቅሱላችሁ

ሦስት ነገር ጠይቁ። ከማን ጋር አወዳደሩት? ምን ቆጠሩ? የማንን አላዩም?

ማወዳደርን በደንብ ያሳዩት ኢኮኖሚስቶቹ ዴቪድ ካርድና አለን ክሩገር ናቸው። ኒው ጀርሲ በኤፕሪል 1992 ከ4.25 ወደ 5.05 ስትጨምር ጎረቤቷ ፔንሲልቫኒያ ባለችበት ቆመች። እነሱ በሁለቱም ስቴት 410 የፈጣን ምግብ ቤቶችን ከጭማሪው በፊትና በኋላ ደውለው ጠየቁ። በ1994 ሲያትሙት የኒው ጀርሲ ሥራ አልቀነሰም አሉ። ሌሎቹ ኢኮኖሚስቶች ዴቪድ ኒውማርክና ዊሊያም ዋሸር ደግሞ የፔይሮል መዝገብ ሰብስበው፣ የለም ቀንሷል አሉ። እነ ካርድ በ2000 በመንግሥት መረጃ መልሰው ሲያዩት ጉልህ ቅናሽ አላገኘንም ብለው መለሱ። ካርድ በ2021 ኖቤል ካገኘባቸው ሥራዎች አንዱ ይህ ነው። ክርክሩ ግን ዛሬም አለ፤ ከእኔ የምትፈልጉት ዳኝነት ከሆነ አልሰጥም። ዘዴውን ግን ውሰዱት። ጎረቤት ሳይጠሩ «ከጭማሪው በኋላ ሥራ ጨመረ» ወይም «ቀነሰ» የሚል ሰው ገና ምንም አልነገራችሁም። ኢኮኖሚው ራሱ ሲያድግና ሲወድቅ ነው የሚኖረው። ስፖኬን፣ ዋሽንግተን ስቴት ላይ ሆናችሁ ስለ ጭማሪ ስትሰሙ ድንበሩን ተሻግራችሁ 7.25 ላይ የቆመችውን አይዳሆን እዩ።

አንድ ቁጥር ብቻ ይዞ የሚመጣውንም ተጠንቀቁ። የኮንግረስ የበጀት ቢሮ በ2019 የፌዴራሉ ወለል በ2025 15 ዶላር ቢደርስ 1.3 ሚሊዮን ሥራ ሊጠፋ ይችላል ብሎ ገመተ። ይህን ቁጥር ሁሉም ሰምቶታል። በዚያው ወረቀት ላይ ግን ግምቱ ከዜሮ አካባቢ እስከ 3.7 ሚሊዮን እንደሚሰፋ ተጽፏል። 17 ሚሊዮን ሰው በቀጥታ ጭማሪ እንደሚያገኝም ተጽፏል። አንዱ ወገን አንዱን፣ ሌላው ሌላውን ቆርጦ ይዞ ይሮጣል።

ቤታችሁ ሲደርስ

ሠራተኛ ከሆናችሁ የቼኩን ጭማሪ ብቻ አታስሉ። ከአንድ ዶላር 7.65 ሳንቲም ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር ወዲያው ይሄዳል። ፉድ ስታምፕ (የመንግሥት የምግብ ድጎማ) የምታገኙ ከሆነ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዶላር ቢያንስ 24 ሳንቲም ያህል ይቀንሳል። ሁለት ልጅ ኖሯችሁ የሥራ ገቢ የታክስ ክሬዲቱ (ገቢው ዝቅ ላለ ሠራተኛ በታክስ ጊዜ የሚሰጠው ገንዘብ) መቀነስ የሚጀምርበት ገቢ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ 21 ሳንቲም ይጨመርበታል። ሦስቱም ከተደራረቡ እጃችሁ ላይ የሚቀረው 47 ሳንቲም ገደማ ነው። ጭማሪውን እምቢ በሉ ማለቴ አይደለም። ለወንድማችሁ መኪና ፈርማችሁ ከመያዛችሁ በፊት አስሉ ማለቴ ነው።

ቲፕ የምታገኙ ከሆነ ሌላ ሂሳብ ነው፣ ለብቻው ይጻፋል። ለጊዜው ይህን ብቻ እወቁ፤ የፌዴራሉ የቲፕ ሠራተኛ ወለል ከ1991 ጀምሮ 2.13 ላይ ነው። የዲሲ መራጮች በ2022 በቲፕ ሠራተኛና በሌላው ወለል መካከል ያለውን ልዩነት ለማስቀረት ድምፅ ሰጡ፤ ክፍያው መውጣት ሲጀምር ብዙ ሬስቶራንት ሰርቪስ ቻርጅ ጨመረ፤ ምክር ቤቱም በ2025 ሕጉን ለወጠው።

እትዬ ዘንድ ልመለስ። ከዋጋው 9,000 ተገኘ። ማታ የመጨረሻዋን አንድ ሰዓት ዘጉ፤ በዚያ ሰዓት የሚሸጠው ለመብራቱም አይበቃም ነበር። በሳምንት 7 ሰዓት፣ በዓመት 5,878 ዶላር ተረፈ። የጎደለው 4,378 ነው። ከዚህ ላይ የተወሰነውን ከራሳቸው ትርፍ ቻሉት።

የቀረውን የሸፈነው አንድ ልጅ ነው። በየዓመቱ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሰፈር ልጅ ይቀጥሩ ነበር፤ ለ10 ሳምንት፣ በሳምንት 20 ሰዓት፣ ሳጥን የሚያነሳና መደርደሪያ የሚሞላ። በ2023 ከታክሱ ጋር 2,756 ዶላር ወጥቶበታል። በ2024 ጁን ላይ ሌላ ልጅ፣ አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆነው፣ መጥቶ ጠየቃቸው። «የኔ ልጅ፣ ዘንድሮ አልቻልኩም» አሉት። አመስግኖ ወጣ። የዚያን ወር ፔይሮል ስዘጋ ስድስት ስም ነበር፣ እንደ ጃንዋሪው።